ኤልያስ «እምነትህ የት ሄደ?» አልተባለም



በእኛ በባሌ ደጋ አንድ ምእመን ኩላሊቱን ታሞ ጎባ ሆስፒታል ቢገባ እሑድ ጠዋት ለመላው ጉባኤ ይነገራል፣ ይጸለይለታል፣ እኅቶች ምሳ ይዘው ይሄዳሉ። ዓይኑን ለመታየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቢኖርበት ለመሳፈሪያና ለማደሪያ እናዋጣለታለን። ያው ምእመን ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ልቡ ያለ ምክንያት እየደነገጠ፣ ከሰው መቀላቀል አስጠልቶት ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሄድ ሲያስብ ግን ለማንም አይናገርም። ከሮቤ ጎባ አጭር መንገድ ነው። የሚከብደው በሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር መቀመጥ ነው፤ ማን ያየኝ ይሆን? ሽማግሌው? የመዘምራን መሪዋ? ጎረቤት?

ስለዚህ አንዱ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብሎ ሻሸመኔ ይወርዳል። ሌላዋ «ገበያ ነበርኩ» ትላለች። ብዙዎች ደግሞ ከነጭራሹ አይሄዱም፤ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ይዘውት ይኖራሉ። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም፤ አንዳንዱ ነገር ባለቤቱን ይፈጃል።

በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው። ሰዎቻችን የሚፈሩት በባለሙያው ክፍል ውስጥ የሚሆነውን አይደለም፤ አብዛኞቹ ምን እንደሚደረግ እንኳ አያውቁም። የሚፈሩት እኛ፣ የእምነት ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው፣ የምንለውን ነው። እንግዲህ ኀፍረቱን ከትከሻቸው ማንሳትም የእኛ ሥራ ነው።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ሳይኮቴራፒ የሚባለው በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ፣ ከአንድ ሰው ጋር በዝግ ክፍል ይቀመጣል። ይጠይቃል፣ በጥንቃቄ ያዳምጣል፣ የሰውየው ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት እንዴት እንደተሳሰሩ አብሮት ይመረምራል፤ የሰማውንም በሙያው ግዴታ በምስጢር ይጠብቃል። በዋናነት ሰውየው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያደርስ ሲሆን ነው ሌላ ሰው እንዲያውቅ የሚደረገው።

ለምሳሌ ልጇን በድንገተኛ ሕመም የቀበረች እናት «ቶሎ ሆስፒታል ባደርሰው ኖሮ አይሞትም ነበር፤ እኔ ነኝ የገደልኩት» እያለች ሦስት ዓመት ሙሉ ራሷን ትከስ ይሆናል። ባለሙያው «ተይው፣ እርሺው» አይላትም። ያን ቀን በእርጋታ አብሯት ይመለሳል። ምን ታውቅ ነበር? ምን አታውቅም ነበር? በእጇ ምን ነበረ? ይህች እናት ቀስ በቀስ የማይገባትን ክስ ከእውነተኛው ሐዘን መለየት ትማራለች። ሐዘኑ አይጠፋም፤ ሰንሰለት መሆኑ ግን ይቀራል።

በመድኃኒት የሚያክመው የአእምሮ ሐኪም፣ ማለትም ሳይካትሪስት ነው። በንግግር ብዙ የሚሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሳይኮሎጂስት ይባላል። አንዳንዱ ሕመም አንዱን ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም። በባሌ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በንግግር ሕክምና የሠለጠኑ ሰዎች በክልል ከተሞች ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያሉትንም ጥቂቶች ኀፍረታችን ባዶ ወንበር እንዲያዩ አድርጓቸዋል።

ስሙ ራሱ ያስፈራል

በአማርኛ «እብድ»፣ በአፋን ኦሮሞ «መራቱ» የሚለው ቃል በከተማችን ለስድብም ለቀልድም ይውላል። በጭንቀት እንቅልፍ ያጣውንም፣ ከወሊድ በኋላ ሐዘን የያዛትንም፣ ራቁቱን በገበያ የሚዞረውንም አንድ ላይ ጠቅልለን በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ማንም ሰው በዚያ ቃል ላለመጠራት ሲል ሕመሙን ቢደብቅ አይፈረድበትም።

በአገራችን «አማኑኤል» የሚለው ስምም እንደዚሁ ሆኗል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተጀመረ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ሰው ሲጨቃጨቅ «አንተ አማኑኤል መግባት አለብህ» ይባባላል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አማኑኤል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 23 ተተርጉሞልናል፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። ለተጨነቀ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን መልካም ስም አለ? እኛ ግን ስድብ አደረግነው።

ይህ ኀፍረት በታማሚው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ቤተሰቡንም ይይዛል። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚኖሩ 178 ዘመዶች ተጠይቀው ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ከመቶ ሰባ አምስቱ በቤተሰባቸው ሕመም ምክንያት ቢያንስ አንድ ጊዜ መገለል እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ከሦስቱ አንድ በላይ የሚሆኑት ዘመዳቸው መታመሙን ይደብቁ ነበር። ከመቶ ስልሳ አምስቱ ደግሞ ችግሩን ለመቋቋም የሚመርጡት ጸሎት መሆኑን ገለጹ። እኔ የጸሎት ሰው ነኝና የመጨረሻው ቁጥር ያስደስተኛል። ግን ሦስቱን አብራችሁ አንብቧቸው። ጸሎትን የሚመርጥ ሕዝብ ባለበት አገር የታመመ ዘመድ ይደበቃል። ወደ እግዚአብሔር የምንጮኸው በር ዘግተን ከሆነ፣ የተዘጋው በር የእኛ የጸሎተኞቹም ነው ማለት ነው።

ሐሳቡን ወደ ጉባኤያችን እናምጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከስምንት ሰዎች አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር ጋር እንደሚኖር ገልጿል። በዚህ ሒሳብ ሁለት መቶ ሰው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ሃያ አምስት ያህል ሰው አለ ማለት ነው። እሑድ ዕለት «ሰላም ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ብለውን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

በክትክታ ዛፍ ሥር

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ክፈቱ። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ካወረደ፣ ከሦስት ዓመት ድርቅ በኋላም ዝናብ ከጠየቀና ካገኘ ብዙም አልቆየም። እምነት የጎደለው ሰው ነው የሚል ማን አለ? ይህ ሰው ነው በአንዲት ሴት ዛቻ ደንግጦ ምድረ በዳ የገባው፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ነፍሱን እንዲወስዳት ጌታን የለመነው። መሞት ፈልጎ ነበር።

እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። ጾም አላወጀበትም። አስተኛው። መልአክ ልኮ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀሰቅሰው መንገዱ እንደሚከብደው ነገረው፤ ድካሙን አመነለት፤ ዳግመኛም አበላው።

ከዚያ በኮሬብ ዋሻ ጌታ እዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ለምን ይጠይቃል? ኤልያስ እንዲናገር ነው። ኤልያስም ብሶቱን ዘርግፎ ተናገረ፤ ብቻዬን ቀረሁ አለ። ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ ያው ጥያቄ ዳግመኛ መጣ፤ ኤልያስም ያንኑ መልስ ቃል በቃል ደገመው። እግዚአብሔር «ቅድም ሰምቼሃለሁ» አላለውም። ሁለት ጊዜ ሰማው። ከሰማው በኋላ ነው ሐሳቡን ያቀናለት፤ ብቻውን እንዳልሆነ፣ ሰባት ሺህ እንደቀሩ ነገረው። በመጨረሻም ሰው ሰጠው፤ ኤልሳዕን።

እንቅልፍና ምግብ፣ ጥያቄና ማዳመጥ፣ የተሳሳተን ሐሳብ ማቃናት፣ ከሰው ጋር ማገናኘት። በዛሬው የምክር ክፍል የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ ነው? ጳውሎስም በመቄዶንያ ሳለ በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረበት ጽፏል፤ ያጽናናው እግዚአብሔር ነው፤ ያጽናናበት መንገድ ግን የቲቶ መምጣት ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 7፥5-6)። ጌታ በሰው በኩል ያጽናናል። መዝሙር 88ም በጨለማ እንዳበቃ በመጽሐፋችን ውስጥ አለ፤ ማንም «አማኝ እንዲህ አይጸልይም» ብሎ አላወጣውም።

በየጊዜው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ወደ ባለሙያ መሄድ አለማመን አይደለም?» በአገራችን ወንጌል እንዴት እንደመጣልን እናስታውስ። በ1920 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ወንጌላውያን እየመራ የመጣው ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበር። ወንጌላውያኑ በደቡብ በምዕራብም በደረሱበት ብዙ ቦታ ጸሎት ቤትና ክሊኒክ ጎን ለጎን ተሠርተዋል። አባቶቻችን ክኒን በመዋጣቸው እምነታቸው አልቀነሰም። ቅርብ ጊዜም ትምህርት አግኝተናል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር በየቤተ እምነቱ «መድኃኒቱን ጥላችሁ እመኑ» የተባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ጥለው የሞቱም አሉ። ዛሬ ማስተዋል ያለው መጋቢ «መድኃኒትህን እየወሰድክ እንጸልይ» ይላል። ለሳንባና ለደም የተማርነውን ለአእምሮ የማንማረው ለምንድን ነው? ንጉሥ ሕዝቅያስ ይድናል የሚል የእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት በኋላ እንኳ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል (ኢሳይያስ 38፥21)።

«ጋኔን ቢሆንስ?» ርኩስ መንፈስ እንዳለ መጽሐፍ ቅዱስ ስለሚነግረን አምናለሁ። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24 ወደ ጌታ ያመጧቸውን ሰዎች ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውንና በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን በየስማቸው ይጠራል፤ ሁሉንም አንድ አያደርግም። ለጭንቀት ሕመምተኛ በየሳምንቱ «ውጣ!» እየተባለ ሲጮኽበት አስቡት። አልወጣም፤ ምክንያቱም የሚወጣ ነገር የለም። ሰውየው ግን ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል፤ የቀድሞ ጭንቀቱን፣ ደግሞም ጋኔን አለብኝ የሚል አዲስ ፍርሃት።

«መጋቢው፣ ሽማግሌዎች፣ የቡና ወዳጆች አይበቁም?» ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ ጌታ ይመስገን። በባሌ በሽማግሌ ፊት ተቀምጦ መነጋገር፣ በቡና ላይ ልብን ማካፈል ትልቅ ሀብት ነው፤ ይህን ሀብት የተነጠቀ የሠለጠነ አገር ስንት አለ። ነገር ግን ሽማግሌ የሚሸመግለው ሁለት ሰዎችን ነው፤ በአንድ ሰው ውስጥ ያለውን ጦርነት ለመሸምገል አልሠለጠነም። እኛ መጋቢዎችም በሥነ መለኮት ኮሌጅ የምክር አገልግሎት ተምረናል። ይህ ትምህርት ሰውን ለማዳመጥ፣ በቃሉ ለማጽናናት፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለይተን ለሚችለው ለመላክ ያበቃናል። ከዓረብ አገር ተደብድባና ተደፍራ የተመለሰች፣ በር ሲንኳኳ የምትንቀጠቀጥ እኅት ከጸሎታችን ጋር ይህን ዓይነት ቁስል ለማከም የተማረ ሰው ያስፈልጋታል። መላክ ከመጋቢነት ሥራ አንዱ ነው።

«ባለሙያው አማኝ ባይሆንስ?» በእኛ አካባቢ ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የሚያክመን ሰው ብዙ ጊዜ ሙስሊም ወይም ኦርቶዶክስ ነው። ትርፍ አንጀት ሲይዘን ግን ቀዶ ሐኪሙን የት እንደሚያመልክ አንጠይቅም። እግዚአብሔር ፀሐዩን ለሁሉ እንደሚያወጣ ሁሉ ዕውቀትንም ለሁሉ ሰጥቷል። በእርግጥ ንግግር ከቢላዋ ይልቅ ወደ እምነት ይጠጋል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን «እኔ አማኝ ነኝ፤ እምነቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው» ብላችሁ ተናገሩ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ያከብራል። የማያከብር ወይም ከቃሉ ጋር የሚጋጭ ነገር እንድታደርጉ የሚገፋ ከገጠማችሁ ባለሙያውን ቀይሩ፤ ሕክምናውን ግን አትተዉ።

እኛ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ አንደበታችንን እንጠብቅ። በጉባኤዎቻችን ሐሜት አንዳንዴ የጸሎት ልብስ ለብሳ ትገባለች፤ «ለጸሎት ብዬ ነው የምነግራችሁ፣ እገሌ እኮ...» ትላለች። ማክሰኞ ለአንድ ሰው በእንባ የተነገረ ነገር ሐሙስ የጸሎት ርዕስ ሆኖ ሲሰማ፣ ባለቤቱ ዳግመኛ ለማንም አይናገርም። የባለሙያው ክፍል ከእኛ ክፍል የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ምስጢር መጠበቁ መሆኑ ሊያስቆጨን ይገባል።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን እንዲያቆም አንምከር። «ተፈውሻለሁ» ያለች እኅት ካለች ደስ ይበለን፤ ከዚያም ለሐኪሟ ትታይ። ጌታችን ለምጻሞቹን ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ልኳቸዋል (ሉቃስ 17፥14)፤ በዚያ ዘመን ለምጻም መንጻቱን የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም።

ሦስተኛ፣ ጋብቻ ሊያደርጉ ያሉ ወጣቶች ቤተሰብ «በዘራቸው ሕመም አለ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ዝም አንበል። ምክር ለማግኘት ወደ ባለሙያ የሄደ ወጣት ችግሩን ያወቀና የረዳት ያለህ ያለ ወጣት ነው። ሄዶ የማያውቅ ሁሉ ጤነኛ ነው ያለውስ ማን ነው?

አራተኛ፣ አንድ ሰው «መሞት ይሻለኛል» ሲል በተግሣጽ አንመልስለት። ራሱን ለማጥፋት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ለብቻው የተሸከመውን ያወርድለታል። ብቻውን አንተወው፤ ፀረ ተባይ መርዝም ሆነ ገመድ ከአጠገቡ እናርቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እናድርሰው። ለኤልያስ መጀመሪያ የተላከለት አጠገቡ የሚሆን መልአክ ነበር።

አምስተኛ፣ እኛ አገልጋዮች ከመድረክ እንናገር። ቻርልስ ስፐርጀን በለንደን በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ይሰብክ ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. የ22 ዓመት ወጣት ሳለ በሚሰብክበት አዳራሽ «እሳት!» የሚል የሐሰት ጩኸት ተነሥቶ ሰባት ሰዎች በግፊያ ሞቱ፤ ሐዘኑ ክፉኛ ጣለው፤ ከዚያ በኋላም በሕይወቱ ሙሉ የመንፈስ ጭንቀት እየተመላለሰበት ኖሯል። ይህንንም አልደበቀም፤ ወጣት ሰባኪያንን ሲያስተምር በግልጽ ይነግራቸው ነበር። መድረካችን ሁልጊዜ የድል ምስክርነት ብቻ የሚሰማበት ከሆነ፣ የተጨነቀው ሰው ቦታው በኋላ ወንበር፣ ከዚያም በውጭ ይሆናል።

ለአንተ፣ ለአንቺ

ይህን በስልክህ ተደብቀህ የምታነብ ወንድሜ፣ ከሰው ዞር ብለሽ የምታነቢ እኅቴ፣ እንዲህ ልበላችሁ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። የሚያምኑትን አንድ ሰው ምረጡ፤ ለእርሱ ብቻ ንገሩት፤ አብሯችሁም እንዲሄድ ጠይቁት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን መናገር አይጠበቅባችሁም። የሚያስቸግራችሁን ነገርና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በአንድ ቀን ለውጥ ካላያችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ የወሰደ ቁስል ጥቂት ጊዜ ለመዳን ይፈልጋል። ጸሎታችሁን አታቋርጡ፤ በመንገዱ ላይ ጸልዩ፤ በአግዳሚው ወንበር ላይ ጸልዩ። አማኑኤል እዚያም አለ።

በዚያ ወንበር ላይ አጠገባችሁ የሚያውቃችሁን ሰው ብታገኙ አትሸማቀቁ። እርሱም እንደ እናንተ እርዳታ ፈልጎ መጥቷል፤ ሰላም በሉት።

በክትክታ ዛፍ ሥር የደከመውን አገልጋዩን ያልናቀው ጌታ እናንተንም በሰላሙ ይጎብኛችሁ። አሜን።